ከለቀቅሽ በኋላ «ነይና ካርድ ሙይ» ሲሉሽ

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ነርስ ነኝ። 4 ዓመት ከሠራሁበት ሆስፒታል በሥርዓቱ አስታውቄ ከለቀቅኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። አሁን ሌላ ቦታ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ የድሮዋ አለቃዬ፣ ሄድ ነርሷ፣ ደወለችና ‹የ11 ሰው ካርድ ሳትሞይ ነው የሄድሽው፤ ነይና ጨርሺ› አለችኝ። አብዛኛው ከመጨረሻዎቹ 4 የሌሊት ተራዎቼ ነው። እውነቷን ነው። ያኔ ለ28 ሕመምተኛ 2 ነርስ ነበርን፤ ነገ እጽፈዋለሁ ያልኩት ሁሉ እንዳደረ ቀረ። ግን ‹ቀኑን የዚያን ቀን አድርጊው፣ ቫይታል ሳይኑን (ግፊት፣ ትኩሳት፣ ትንፋሹን) በግምት ሙይው› ማለቷ አስፈራኝ። ካልመጣሽ ክሊራንስ አይፈረምልሽም፣ የመጨረሻ ደሞዝሽም አይለቀቅም ብላኛለች። እዚያው የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ‹አትድከሚ፣ እኔ ባንቺ ስም እሞላልሻለሁ› ትላለች። በኪስ ማስታወሻዬ የአንዳንዶቹ ነገር አለ። ስልኬ ላይም ለርክክብ ብዬ ያነሳኋቸው 2 ፎቶዎች አሉ። አንዳንዱን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ስጀምርለት ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ሰውዬ ነበር፣ አቁሜ ለተረኛው ሐኪም ነገርኩት፤ መጻፌን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላው ጭልጥ ብሎ ጠፍቶብኛል። ከለቀቅኩ በኋላ ዕዳ አለብኝ? ወይስ ስልኩን አላንሳ?»

እህቴ፣ ስልኩን አንሺ። ዕዳ አለብሽ። ዕዳው ግን ሄድ ነርሷ የነገረችሽ ዓይነት አይደለም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደሞዙ ላይ ደርሼ ተናደድኩ። በሁለተኛው ሽፍ ያለበት ሰውዬ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንቺ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለፍሽው። እመለስበታለሁ።

ሥራ ለቀቅኩ ማለት ውሉ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ተራ አይመድብሽም፣ ማንም አረፈድሽ ብሎ አይቆጣሽም። የእነዚያ 4 ሌሊቶች ሥራ ግን ውሉ ስላለቀ የሌላ ሰው አይሆንም። መርፌውን የወጋሽው አንቺ ነሽ። ቁስሉን የቀየርሽውም አንቺ ነሽ። ያንን የመጻፍ ግዴታ የመጣው ከሥራው ጋር፣ ያን ሌሊት ነው፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይሰርዘውም። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስትዛወሪ የሙያ ፈቃድሽ አብሮሽ ይሄዳል፤ ፈቃድሽ ያለበት ደግሞ ተጠያቂነቱ አለበት። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንቡን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 አጽድቆ በ2021 ሲከልሰው እንኳ ያልተወው ነገር ይኼ ነው፦ ነርስ ለሠራችው ሥራ በግሏ ትጠየቃለች። አሠሪዋ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፣ እሷም ናት።

ብዙዎቻችን ግን ካርዱን የአለቃ ንብረት አድርገን ነው የምናየው። ወረቀቱ፣ ፋይሉ፣ ኮምፒውተሩ የተቋሙ ነው። ውስጡ ያለው ታሪክ የታመመው ሰው ነው። ነገ ሌላ ቦታ ሲተኛ፣ ሌላ ነርስ ያንን ካርድ ገልጣ ነው መርፌ የምታነሳው። ስለዚህ ዕዳሽን ለሄድ ነርሷ ውለታ፣ ወይም ለክሊራንስ የሚከፈል መቀጮ አድርገሽ አትይው። እንደዚያ ካየሽው አንድም ትሸሺዋለሽ፣ አንድም ቶሎ ለመገላገል የማይሆን ነገር ትጽፊያለሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «ለምንድን ነው አሁን የተፈለገው?»

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሁሉንም ይቀይራል። አንዳንዴ ኦዲት ሊመጣ ነው። አንዳንዴ የመድን ድርጅት ነው፤ ነርሷ ያልጻፈችውን አገልግሎት አልከፍልም ይላል፣ ተቋሙም ሒሳቡን ማቅረብ አይችልም። ቤት ለቤት የሚያስታምሙ ነርሶች ይኼን በደንብ ያውቁታል፤ የጉብኝቱ ማስታወሻ ካልገባ ክፍያው አይወጣም፣ ስለዚህ ከለቀቁም በኋላ ስልኩ አያርፍም። አንዳንዴም ካርድ ክፍሉ ፋይል ሊዘጋ ሲል ጉድለት አግኝቶ ነው፤ ይኼ የተለመደ ነው፣ ክፋት የለውም።

አንዳንዴ ግን ከ11ዱ አንዱ ሞቷል። ወይም ቤተሰቡ አቤቱታ አስገብቷል። ወይም ጠበቃ ደብዳቤ ጽፏል። ይኼ ከሆነ ብዕር አታንሺ። ክስ ወይም ቅሬታ በቀረበበት ካርድ ላይ ከሳምንታት በኋላ የሚጨመር መስመር፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ራስን ለማዳን የተጻፈ ይመስላል። እንዲህ ካሉሽ የምታውቂውን የምትናገሪበት ሌላ መንገድ አለ፤ የሙያ ማኅበርሽን ወይም ጠበቃ አማክረሽ፣ ከካርዱ ውጭ፣ በራሱ ወረቀት የምትሰጪው የምስክርነት ቃል። የሙያ ኃላፊነት መድን ካለሽ እነሱም ቀድመው መስማት አለባቸው። «ኧረ ምንም የለም» ካለችሽም ያንኑ በጽሑፍ ትበልሽ።

ምንም ከሌለ እንቀጥል።

እኛ «ያልተጻፈ አልተሠራም» እየተባልን ነው ያደግነው። አስተማሪዎቻችን በፍቅር ነው የነገሩን፤ እኔ ግን አባባሉን አልወደውም። ሰው ሳያስበው ይገለብጠዋል፤ «ከተጻፈ ተሠርቷል» ይሆናል። ያን ጊዜ ባዶ ሣጥን ማየት ያስፈራል። ንጋት ላይ የቫይታል ሳይን ወረቀቱን በአንድ ቁጭታ የምንሞላው ለዚህ ነው። ትኩሳት 36.8፣ 36.7፣ 36.8። ትንፋሽ 20፣ 20፣ 20። የዋርዱ ሰው ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

እኔም ሞልቻለሁ። በሁለተኛው የሥራ ዓመቴ ነው። ንጋት ላይ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ የአንድ ሰውዬን ወረቀት የእኩለ ሌሊቱን መስመር ሞላሁ። ግፊት 118/76፣ ትኩሳት 37። ሰውዬው ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። እኔ ሌላ ክፍል ስሮጥ ነው የወሰዱት። ጠዋት በራውንድ ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አነሳና ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ሲስተር፣ ይኼን ግፊት የለካሽው እኔ ሆዱን ከፍቼ ነው?» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቅጣቱ ቀላል ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው፤ በዚያው ወረቀት ላይ በእውነት የለካኋቸው 3 መስመሮች ነበሩ። እነሱንም ማንም አላመናቸው።

ስለዚህ የቫይታል ሳይኑ ነገር አጭር ነው። ከ3 ሳምንት በፊት የለካሽውን ቁጥር ማንም አያስታውስም፣ አንቺም አታስታውሺም። ማስታወሻሽ ላይ ከሌለ ባዶው ባዶ ይቅር። ባዶ ሣጥን ጉድለት ነው፤ ለጉድለት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። በግምት የሞላሽው ሣጥን ግን ሐሰተኛ ሰነድ ነው። እሱ እስከ ሙያ ፈቃድሽ ይደርሳል፣ ብዙ አገር ላይ እስከ ፍርድ ቤትም። «በግምት ሙይው» ያለችሽ ሴት ያን ቀን አጠገብሽ አትቆምም። ፊርማው ያንቺ ነው።

ቀኑም እንደዚያው። የዚያን ቀን አድርገሽ አትጻፊ። የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ደንብ በ10ኛው ክፍሉ እንዲህ ይላል፦ በወቅቱ ወይም በተቻለ ፍጥነት ጻፉ፣ ቆይቶ የተጻፈ ከሆነ መቆየቱን ግለጹ፣ ምንም አታስመስሉ። ሌሎች አገሮችም በራሳቸው ቃል የሚሉት ከዚህ እምብዛም አይርቅም። መዘግየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ መዘግየቱን መደበቅ ነው። ደግሞም አይደበቅም። በወረቀት ከሆነ ቀጣዩ ተረኛ ከሥርሽ ጽፏል፤ አንቺ በጠባቡ ክፍት ቦታ ፊደል አጣበሽ ስትጽፊ ያስታውቃል። በኮምፒውተር ከሆነማ አለቀ። ማን በስንት ሰዓት ከየትኛው ማሽን እንደገባ፣ ምን እንደከፈተ፣ ምን እንደቀየረ ሥርዓቱ ራሱ ይመዘግባል። ስክሪኑ ላይ የፈለግሽውን ቀን ብትጽፊም ሥሩ ያለው ቀን እውነተኛው ነው።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን በራሱ ላይ በመናገር። የተጻፈበት ቀንና ሰዓት መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ነገሩ የሆነበት ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ የሆነው ነገር፣ ከዚያ ከየት እንዳወቅሽው። የሽፍታውን ሰውዬ እንውሰድ። እንዲህ ይመስላል፤ ግራሙንና ሰዓቱን እኔ ለምሳሌ አስገብቼው ነው፣ አንቺ በምታውቂው ተኪው፦

«ዘግይቶ የተጻፈ። የተጻፈው ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15 (ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ)። ነገሩ የሆነው በእገሌ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ። በትእዛዙ መሠረት ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በደም ሥር መስጠት ጀመርኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደረቱና ሁለቱም ክንዶቹ ላይ ሽፍታ አየሁ። እንደሚያሳክከው ነገረኝ። መድኃኒቱን ወዲያው አቆምኩ። ለተረኛው ሐኪም በቃል ነገርኩ። ከመቆሙ በፊት ምን ያህል እንደገባ አላስታውስም። የዚያን ሰዓት ግፊትና የልብ ምት አላስታውስም። ይህን የጻፍኩት ከማስታውሰውና በወቅቱ ከያዝኩት የኪስ ማስታወሻ ነው። በዚያን ጊዜ የዋርዱ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን የተቋሙ ሠራተኛ አይደለሁም።» ስም። ፊርማ።

«አላስታውስም» ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሪ። አንዳንድ ነርስ ቃሉን ያፍርበታል፣ ድክመት ይመስለዋል። እኔ ካርድ ሳነብ የማምነው እንዲህ የሚለውን ሰው ነው።

ሌላም አለ። «ምናልባት አለርጂ ነው» ወይም «ሐኪሙ ቸል አለ» አትበዪ። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ ያደረግሽውን ብቻ። ስለ ሠራተኛ እጥረቱም፣ እውነት ቢሆንም፣ የሰውዬው ካርድ ውስጥ ቦታ የለውም። 28 ለ2 የሚለው ቅሬታሽ ትክክል ነው፤ የሚጻፈው ግን ለአስተዳደሩ በራሱ ደብዳቤ ነው። የሽፍታው ጉዳይ የኢንሲደንት ሪፖርትም (ያልታሰበ ክስተት ማሳወቂያ) ሊፈልግ ይችላል። እሱም ከካርዱ የተለየ ወረቀት ነው፣ ካርዱ ውስጥ አይቀላቀልም። ስትጽፊ ከተሳሳትሽ አንድ መስመር አስምሪበት፣ ሥሩ ይነበብ፣ አጠገቡ ፈርሚ። ነጭ ማጥፊያ ቀለም የሚባል ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካለ ራቅ አድርጊው።

ኮምፒውተር ከሆነ መግቢያሽ ተዘግቷል፤ ካልተዘጋም ገብተሽ አትጻፊ። ከለቀቅሽበት ሰዓት ጀምሮ የማንንም ካርድ በራስሽ ፈቃድ የመክፈት መብት የለሽም። ተቋሙ በጽሑፍ ጠርቶሽ ለዚህ ሥራ ብሎ መግቢያ ሊከፍትልሽ ይችላል። ወይም በወረቀት ጽፈሽ ፈርመሽ ካርድ ክፍሉ ያያይዘዋል። ሄድ ነርሷ «በእኔ ፓስወርድ ግቢ» ብትልሽ፣ አይሆንም። ደግነቷን አመስግነሽ ወንበሩን ተዪላት።

ጓደኛሽንም እንደዚያው አመስግኛት። እሷ ባንቺ ስም ከጻፈች ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። ያን ሌሊት አብራሽ ተረኛ ከነበረች ግን ልትረዳሽ ትችላለች፤ እሷ ያየችውን በራሷ ስም፣ በራሷ ፊርማ ትጻፍ። «ሲስተር እገሊት መድኃኒቱን ስታቆም አይቻለሁ» ማለት ትችላለች። «አቆምኩ» ማለት አትችልም።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝ ነገር። ከ11ዱ ውስጥ ፔቲዲን ወይም ሞርፊን፣ ማለትም ቁጥጥር የሚደረግበት ከባድ የሕመም ማስታገሻ፣ የሰጠሽው ሰው አለ? ካለ እሱን ከሌሎቹ ለይተሽ መጀመሪያ አጣሪው። የናርኮቲክ መዝገቡ ላይ አምፑል ወጥቶ ካርዱ ላይ መሰጠቱ ካልተጻፈ፣ የጎደለው መድኃኒት ያለው በሄደችው ነርስ እጅ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሄደ ሰው ለመጠርጠር ይመቻል፤ መልስ የሚሰጥለት የለማ። ከአምፑሉ የተረፈ መድኃኒት ሲደፋ ምስክር ሆነሽ እንድትፈርሚ ከጠየቁሽም ዓይንሽ ያላየውን አትፈርሚ።

ወደ ኪስ ማስታወሻሽና ፎቶዎቹ። ማስታወሻው ይጠቅምሻል፤ በዚያን ሰዓት የተጻፈ ነውና ከትዝታሽ ይሻላል። ግን ውስጡ የሰው ስምና ሕመም አለ፤ ታክሲ ላይ ቢወድቅ አስቢው። ፎቶዎቹ ደግሞ ገና ሲነሱም ስህተት ነበሩ። የርክክብ ፎቶ ሁላችንም ዘንድ የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ፤ የሕመምተኛ ካርድ በግል ስልክ ላይ መቀመጥ ግን የለበትም። አሁን ሁለት ነገር አታድርጊ። ለሄድ ነርሷም ለጓደኛሽም በቴሌግራም አትላኪ። ደንግጠሽም ዛሬ ማታ አትሰርዢ፣ ማስታወሻውንም አትቅደጂ። መጀመሪያ ክርክር መኖር አለመኖሩን እወቂ። ካለ አማካሪሽ የሚልሽን ጠብቂ፤ መረጃ አጠፋሽ ከመባል ፎቶ አነሳሽ መባል ይሻላል። ከሌለ ስትሄጂ ለካርድ ክፍሉ ኃላፊ እንዳሉሽ ንገሪ፣ የሚያስፈልገውን ተጠቅመሽ ማስታወሻውን አስረክቢ፣ ፎቶውን እዚያው ፊታቸው አጥፊ። ስልክሽ በራሱ ደመና ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ ከዚያም አጥፊ። ሌላ ደግሞ፦ «ለመከላከያዬ ይሆነኛል» ብለሽ የካርዱን ቅጂ ወደ ቤት እንዳትወስጂ። ስንት ነርስ በዋናው ጉዳይ ነጻ ወጥታ በዚህ ተይዛለች።

ክሊራንስና ደሞዝን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው ያስፈራሩሽ፤ እኛ እንለያቸው። ክሊራንስ ማለት የያዝሽውን አስረከብሽ ወይ ማለት ነው። መታወቂያ፣ ቁልፍ፣ ጋውን፣ ያልተጠናቀቀ ካርድም ጭምር። በዚህ ቢያዘገዩሽ ቢያናድድም ምክንያት አላቸው። ደሞዝ ግን ሌላ ነው። የሠራሽበት ቀን ደሞዝ ያንቺ ነው። ወረቀት ጎደለ ተብሎ የተሠራበትን ገንዘብ መያዝ ብዙ አገር ላይ አይፈቀድም፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሰዓትና የደሞዝ ሕግ ለሠሩበት ሰዓት መከፈሉን የግድ ይላል፣ የመጻፊያ ሰዓቱም ሥራ ነው። ያለሽበት አገር የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይኼን ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚመልሰው፤ አንድ ጠዋት ሂጂ። ነገር ግን «ደሞዜን ካልሰጣችሁኝ አልጽፍም» አትበዪ። እነሱ ሁለቱን አቀላቀሉ ብለሽ አንቺም አታቀላቅዪ። የሽፍታው ሰውዬ በደሞዝሽ የለበትም። ቅዳሜሽን ሰጥተሽ ለምትሠሪው ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። በትሕትና ጠይቂ። እንቢ ካሉሽም ካርዱን አትያዥባቸው።

አሁን ጻፊላት። በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ። በቃል አንቺ ብትባባሉም በጽሑፍ «እርስዎ» በያት፤ ወረቀቱ ነገ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ይችላል። እኔ ብሆን ይኼን እልካለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ስለነገሩኝ የ11 ካርዶች ጉዳይ ነው። መጥቼ የማውቀውን ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ። የካርዶቹን ቁጥርና በእያንዳንዱ ላይ የጎደለውን ዝርዝር እንዲያዘጋጁልኝ እጠይቃለሁ፤ የሕመምተኛ ስም በመልእክት ባይላክ እመርጣለሁ። የምጽፈው ሁሉ በምጽፍበት ቀን፣ ‹ዘግይቶ የተጻፈ› ተብሎ ነው። ያልለካሁትንም ሆነ የማላስታውሰውን አልሞላም። ከካርዶቹ ውስጥ ቅሬታ ወይም ክስ የቀረበበት ካለ አስቀድመው በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል መገኘት እችላለሁ።»

ስትሄጂ ኃላፊ ባለበት ተቀመጪ፣ ኮሪደር ላይ ቆመሽ አትጻፊ። ካርዱን እዚያው አንብቢ፤ አንዳንዱ «ያልተሞላ» የተባለው ተሞልቶ ልታገኚው ትችያለሽ፣ አንዳንዱ ደግሞ ያንቺ ሳይሆን የሌላ ተረኛ ይሆናል። የሌላውን አትንኪ። ሲያልቅ በየትኛው ካርድ ላይ ምን ቀን እንደጻፍሽ የሚል አንድ ወረቀት፣ ስም ሳይኖረው በካርድ ቁጥር ብቻ፣ አስፈርመሽ ያዢ። ከ11ዱ 4 ወይም 5 ላይ ብቻ የምትጽፊው ቢኖርሽ አትፈሪ። የቀረውን «የማስታውሰው የለም» ብለሽ በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሪ። ሄድ ነርሷ ፊቷን ልታጠቁር ትችላለች፤ እሷንም ከበላይ የሚጠይቃት አለ። ከበድ ያለ ቃል ከተናገረችሽ «ገባኝ፣ ግን እንደዚያ አልጽፍም» በያትና ዝም በዪ።

ገና ልትለቁ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን ስታስገቡ በዚያው ቀን ካርድ ክፍል ጎራ በሉና «በስሜ የተንጠለጠለ አለ?» በሉ። ትዝታው ሳይጠፋ፣ መግቢያችሁ ሳይዘጋ። አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን ሰውዬው። ደብዳቤሽ ውስጥ በ«ለምሳሌ» ያስገባሽው። ከ11ዱ ቅዳሜን የማይጠብቀው እሱ ነው። ያ ሽፍታ ካልተጻፈ፣ ሐኪሙም በቃል የሰማውን ረስቶት ከሆነ፣ ካርዱ ፊት ላይ የአለርጂው ቦታ ባዶ ነው ማለት ነው። ወይም ይባስ ብሎ «የለውም» ይላል። ታሞ ቢመለስ የሚታዘዝለት ያው ሴፍትሪያክሶን ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ሽፍታ ያመጣ መድኃኒት ሁለተኛ ጊዜ ጉሮሮ ሊዘጋ፣ ግፊት ሊጥል ይችላል። ለዚህ ዘግይቶ የተጻፈ፣ ማኅተም፣ ክሊራንስ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ለሄድ ነርሷ ደውዪላት። ስለ 11ዱ፣ ስለ ደሞዙ፣ ስለ ቅዳሜ ከመነጋገራችሁ በፊት አልጋ ቁጥሩን ንገሪያትና «ካርዱን አውጪና የአለርጂው ቦታ ላይ ምን እንዳለ አንብቢልኝ» በያት። እስክታነብልሽ ስልኩን አትዝጊ።